የአያትሽን የሻይ ሳጥን ብርጭቆ ወረቀት አታስነኪው

ከድሬዳዋ የመጣው ጥያቄ ይኸውና፦

«የምኖረው ከዚራ ነው። አያቴ ምድር ባቡር መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሱ የቀረ ትልቅ የሻይ ሳጥን አለን። ጠርዙ በቆርቆሮ ተይዟል፣ ጎኑ ላይ ጥቁር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት፣ ውስጡ ብርማ ነገር ተለብጦ አንዳንድ ቦታ ተቀዷል። ሁለተኛው ከእናቴ አክስት የመጣ ትንሽ ሳጥን ነው። ቁልፍ አለው፣ ውስጡ ለሁለት ተከፍሏል፣ ክዳኑ ላይ ያለው ስስ የእንጨት ልባጥ ተነስቷል። ሦስተኛውን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለ ሻጭ 9,000 ብር እያለኝ ነው፤ ‹1862 ተብሎ ተጽፎበታል፣ አንቲክ ነው› ይላል። የሦስቱንም ፎቶ ልኬልሃለሁ። ትልቁን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቫርኒሽ ልቀባውና የልጆቼን መጫወቻ ላስቀምጥበት አስቤያለሁ። ትንሹ ላይ ቅመም። ሳሎኔን በነዚህ ማስዋብ፣ ቀስ በቀስም መሰብሰብ እፈልጋለሁ። ካናዳ ያለችው እህቴ ደግሞ አንዱን ላኪልኝ እያለች ነው። ዋጋ አላቸው? ምን ላድርግ?»

ትልቁን ሳጥን ብርጭቆ ወረቀት አታስነኪው። ቫርኒሹን ካልከፈትሽው ለሱቁ መልሺው። መጫወቻ አይቀመጥበትም፣ ትንሹ ውስጥም ቅመም አይገባም። የታይዋኑን ሻጭ አመስግነሽ እለፊው። ምክንያቱን በየተራ እነግርሻለሁ። ከሁሉም በፊት ግን ይኼን ያዢ፦ የሻይ ሳጥን ዋጋው ያለው ፊቱ ላይ ነው። ጽሑፉ፣ ጭረቱ፣ የጠቆረው ጠርዝ፣ የዛገው ቆርቆሮ። ይኼን ፈግፍገሽ ካነሳሽው የሚቀርሽ ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ ደግሞ አዲስ ሆኖ ከእንጨት መሸጫ ይገዛል።

አንድ ነገር ላስተካክል። ያረጀ ሁሉ አንቲክ አይባልም። በንግዱ ልማድ አንቲክ የሚባለው መቶ ዓመት ገደማ የሞላው ዕቃ ነው። ከዚያ በታች ያለው «የቆየ» ነው፤ ይኼ ግን ስድብ አይደለም። ያንቺ ትልቁ ሳጥን ከሁለቱ ወደ አንዱ ይገባል፣ የትኛው እንደሆነ ግን በፎቶ ብቻ ቁርጡን መናገር አይቻልም። በምሄድበት አቆጣጠር እንዳትደናገሪ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓውያን ነው።

ትልቁ ለቤት ዕቃነት የተሠራ አይደለም፣ የጭነት ዕቃ ነው። ሻይ ከሲሎን፣ ከህንድ፣ በኋላም ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች በሳጥን ተጭኖ ይሄድ ነበር። ድሮ ሳጥኑ ከወፍራም ጣውላ ነበር የሚሠራው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ቀለል ያለው ኮምፔንሳቶ ቦታውን ወሰደ፤ ብዙው ከባልቲክ ባሕር አካባቢ በርች ከሚባል ነጭ እንጨት የተሠራ ነበር። ቬኔስታ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነ ነው፤ ስሙን ሳጥንሽ ላይ ብታገኚው አትገረሚ። ጎኖቹ በቆርቆሮ ጥብጣብ ይታሰራሉ፣ ትንንሽ ምስማር ይመታባቸዋል፣ የምስማሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አንዱ ሳጥን ሃምሳ ኪሎ ገደማ ሻይ ይይዛል። ይኼ አሠራር ብዙም ሳይለወጥ እስከ 1980ዎቹ ቆየና ለወረቀት ከረጢት ቦታውን ለቀቀ። ስለዚህ የ1920ዎቹ ሳጥንና የ1970ዎቹ ሳጥን ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ታዲያ ዕድሜው በምን ይታወቃል? በጽሑፉ። በጎኑ ላይ የእርሻው ስም፣ የቅጠሉ ደረጃ፣ ሦስት ክብደቶች (ከነሳጥኑ፣ የባዶ ሳጥኑ፣ የሻዩ ብቻ) እና የሳጥኑ ተራ ቁጥር ይኖራል። ባንቺው ላይ «ብሮክን ኦሬንጅ ፔኮ» የሚለው የቅጠሉ ደረጃ ነው። ብርቱካን የገባበት ሻይ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ዕድሜ የሚነግርሽ የአገር ስም ነው። «ታንጋኒካ» ወይም «ኒያሳላንድ» የሚል ካለበት ከ1964 ወዲህ የተሠራ አይሆንም፣ ሁለቱም ስሞች ያኔ ቀርተዋል። «ሲሎን» ግን ያታልላል። አገሪቱ በ1972 ስሪላንካ ብትባልም ሻይዋ እስከ ዛሬ የሚሸጠው በሲሎን ስም ነው። ባንቺ ሳጥን ላይ የማየው ሲሎን የሚለውን ብቻ ስለሆነ እሱን ይዤ ዓመት አልነግርሽም። ሳጥኑን ገልብጪና ግርጌውን ተመልከቺ። አንዳንዴ የሠሪው ማህተም ያለው እዚያ ነው።

የተራ ቁጥሩን ከዓመተ ምህረት ጋር አታምታቺ። ሻጮች በጣም የሚወዱት ይኼን ነው። አራት አሃዝ ባዩ ቁጥር «ዓመቱ ነው» ይላሉ። የታይዋኑም 1862 ከዚሁ ወገን ነው፤ እሱ እንዲያውም የተራ ቁጥርም አይደለም። ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። በሻይ ሳጥን ላይ ጽሑፍ የሚጻፈው የፊደሉ ቅርጽ ተቆርጦ በወጣለት ቆርቆሮ ላይ ቀለም በመምታት ነበር። እንዲህ ሲደረግ የ«ኦ» ወይም የ«ኤ» መሐል እንዳይወድቅ ድልድይ ይተውለታል፣ ስለዚህ ፊደሎቹ ላይ ትንንሽ ክፍተት ይታያል። የሱ ሳጥን ፊደሎች ክፍተት የላቸውም፣ ድፍን ናቸው፤ በማሽን የታተሙ ናቸው። ጠርዙ ላይ የተላጠው ቦታ ደግሞ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ያሳያል። ኤምዲኤፍ ነው። ውስጡም ውጪውም እኩል ቡናማ ተቀብቷል። የእውነት ያረጀ ሳጥን ውስጡ ቀለም አይቀባም፣ አራቱ ማዕዘኖቹም እኩል አይበሉም። እጅ የሚይዘው ጎን ይበላል፣ ግድግዳ የተጠጋው ይተርፋል። እንደ ጌጥ ከወደድሽው በጌጥ ዋጋ ግዢው፣ ኃጢአት የለውም። 9,000 ብር ግን የታሪክ ዋጋ ነው፣ ታሪክ ደግሞ የለውም።

ያንቺ ትልቁ ግን አለው። ድሬዳዋ ራሷ ከባቡሩ ጋር በ1902 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ የጅቡቲ ዕቃ በባቡር መጥቶ የሚራገፈው እዚሁ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን መጋዘኖቿ አልተዘጉም። የህንዱም፣ የየመኑም፣ የግሪኩም፣ የአርመኑም ነጋዴ ዕቃ በዚያ ሐዲድ ነው የመጣው። ሻዩ ተሽጦ ሲያልቅ ሳጥኑ አይጣልም። የልብስ ሣጥን ይሆናል፣ የሱቅ መሳቢያ ይሆናል፣ ሲብስበት የዶሮ ቤት ይሆናል። አያትሽ መጋዘን ውስጥ የሠራ ሰው መሆኑ ለዚህ ሳጥን ከማንኛውም ማህተም በላይ ዋጋ ይሰጠዋል። እናትሽ የምታውቀውን ሁሉ ጠይቂያት። ማን አመጣው፣ መቼ፣ ቤት ውስጥ ምን ይቀመጥበት ነበር። ጽፈሽ በፖስታ አድርጊና ከሳጥኑ ጋር አኑሪው። የአያትሽ የሥራ መታወቂያ ወይም ፎቶ ካለ ቅጂውን ጨምሪበት። ማስረጃ የሌለው ታሪክ ገበያ ላይ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ትንሹ። ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ሁሉ የሻይ አይደለም። የጌጣጌጥ፣ የስፌት፣ የሲጋራም ይሆናል። ውስጡ ቬልቬት የለበሰ ከሆነ ሻይ አልነበረበትም ብለሽ መጠርጠር ትችያለሽ። የሻይ የሆነው ሁለት ወይም ሦስት ክፍል አለው፣ በየክፍሉ ግጥም የሚል የውስጥ ክዳን አለው፣ ክፍሉም ስስ ብረት ይለበጣል። ባንቺው ውስጥ ግራጫ ልባጥና አንድ የውስጥ ክዳን ከነጉብታው ይታየኛል። ሁለተኛው ክዳን ጠፍቷል። የሻይ ነው።

ቁልፉ ለጌጥ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ሻይ በቀረጥ ብዛት እሳት ነበር። ቀረጡ 119 በመቶ ደርሶ በ1784 በአንድ ሕግ ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። እስከዚያ ድረስም፣ ከዚያም በኋላ በልማድ፣ የቤቱ እመቤት የሻዩን ሳጥን ቆልፋ ቁልፉን ከራሷ አትለይም ነበር። ሁለት ክፍል የሚደረገው አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለጥቁር ሻይ እንዲሆን ነው። ያንቺው በቅርጹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ይመስላል። ግን በዚያው መልክ በኋላም ብዙ ተሠርቷል። ስለዚህ ብሎኖቹን እዪ። የብሎን ጫፍ ሾጣጣ መሆን የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጫፉ ዱልዱም ነው። መስቀለኛ ጭንቅላት ያለው ብሎን ደግሞ ከ1930ዎቹ በፊት ገበያ ላይ አልነበረም። አንድ መስቀለኛ ብሎን አገኘሽ ማለት ግን ሳጥኑ አዲስ ነው ማለት አይደለም። ማጠፊያው ተቀይሮ ይሆናል። ከሥሩ የድሮ ማጠፊያ ያረፈበት ጥላ ካለ ተቀይሯል።

የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ያለችውን ነጭ ቁራጭ በማጉያ መነጽር ተመልከቺያት። ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሏት የከብት አጥንት ናት። የተጠላለፉ ስስ መስመሮች ካሏት የዝሆን ጥርስ ልትሆን ትችላለች። ይኼ ለእህትሽ ጉዳይ ያስፈልገናል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የውስጡ ልባጥ ነው። ሻይ እርጥበትና ሽታ ስለሚስብ ሳጥኖቹ በስስ ብረት ይለበጡ ነበር። ዱሮ ያ ብረት እርሳስ ነበር፣ ማለት ለባትሪና ለዓሣ መረብ ማስጠሚያ የሚውለው ከባድ ብረት። በኋላ በአሉሚኒየም ተተካ። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ግራጫ ነው፣ ከታጠፈ ታጥፎ ይቀራል፣ ነጭ ወረቀት ቢፈገፈግበት ጥቁር ግራጫ መስመር ይተዋል። አሉሚኒየም ያብረቀርቃል፣ ቀላል ነው፣ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ከትልቁ ሳጥን ፎቶ ብልጭታውን ሳይ አሉሚኒየም ነው ብል ደስ ባለኝ፣ ግን በአንዱ ማዕዘን ነጭ ዱቄት ይታያል። እርሳስ ከእንጨት በሚወጣው አሲድ ሲበላ እንዲህ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ትንሹ ሳጥን ውስጥ ያለው ደግሞ በመልኩ እርሳስ ወይም እርሳስ የተቀላቀለበት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እርሳስ ናቸው ብለሽ ያዣቸው።

ይኼ ማጋነን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ልጅ መጫወቻውን አፉ ውስጥ ይከታል። በዚያ ሳጥን ውስጥ ያደረ መኪና ወይም አሻንጉሊት ያንን ዱቄት ይዞ ይወጣል። በርበሬና እርድም እንደዚያው፤ ደቃቅ ነገር ሁሉ ይወስዳል። ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ዱቄቱን አየር ላይ አውጥቶ ቤቱን በሙሉ ያለብሰዋል። ቬንትሌተር እየዞረ ከሆነ መገመት ነው።

ታዲያ ልባጡን ገንጥዬ ልጣለው? አይሆንም። ስትገነጥዪው ነው አቧራው የሚነሳው፤ ደግሞም የሳጥኑ ማንነት ግማሹ እሱ ነው። ጓንትና ጭንብል አድርጊ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ የረገፈውን ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለሽ አንሺ። ጨርቁን በፌስታል ቋጥረሽ ጣይው እንጂ አጥበሽ አትጠቀሚበት። በመጥረጊያ አትጥረጊ። ከዚያ በልኩ የተሠራ የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ሣጥን ውስጡ አስገቢ። ዕቃ ማስቀመጥ ካለብሽ በዚያ ውስጥ አድርጊ፤ ብርድ ልብስ፣ የክረምት ልብስ፣ መጽሔት። ክዳን ከሌለው ልጆች የማይከፍቱት ክዳን አሠሪለት። ትንሹን ቆልፊና ቁልፉን አንቺ ያዢ። የድሮዎቹ እመቤቶች እንዳደረጉት።

ማጽዳትን በተመለከተ፣ ማድረግ ያለብሽ ከምታስቢው ያነሰ ነው። የውጪውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ። የቀረውን ውኃ በነካ፣ ተጨምቆ ሊደርቅ በደረሰ ጥጥ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክረሽ። ጥጡ ጥቁር ቀለም ይዞ ከመጣ ጽሑፉ እየለቀቀ ነውና አቁሚ። ኦሞ የለም። በረኪና የለም። አቼቶ የለም። በላምባ መወልወልም የለም፣ ሽታው ከእንጨት አይወጣም፣ እሳትም ይጠራል። የምግብ ዘይት ከሁሉ ይከፋል። ለሳምንት ያምራል፣ ከዚያ ይጣበቃል፣ ከዚያ የድሬን አቧራ በሙሉ ይሰበስባል። የትልቁ ሳጥን ኮምፔንሳቶ ምንም አይቀባ። ትንሹ የተወለወለ ስለሆነ የክዳኑ ልባጥ ከተጠገነ በኋላ ስስ የንብ ሰም ይበቃዋል፣ እሱም በዓመት አንዴ።

የተነሳውን የክዳኑን የእንጨት ልባጥ በነጩ ኮላ ወይም በሱፐር ግሉ አታስይዢው። የድሮ ልባጥ የተጣበቀው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ኮላ ነው። ይኼ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልሳል፣ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ሊጠግነው ይችላል። ነጩ ኮላ አንዴ ከገባ ግን ወደኋላ የለም። እስኪጠገን ድረስ የተነሳውን ቁራጭ በጥጥ ክር ሸብ አድርጊው፣ ፕላስተር አትለጥፊበት። ተሰብሮ የወደቀ ካለ ምንም ብትንትን ያለ ቢሆን ሰብስበሽ በፖስታ አኑሪ። አናጺ ስትፈልጊ «የዱሮውን የቆዳ ኮላ ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂው። «አዲስ ላስመስልልሽ» ያለሽን ተሰናበቺው።

ነቀዝ መኖሩን ለማወቅ ሳጥኑን ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጪና ጥቂት ሳምንት ጠብቂ። ቀዳዳ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ነፍሳቱ ከሄዱ ቆይተው ይሆናል። አዲስ ደቃቅ ዱቄት ከወረደ ግን ሕያው ናቸው። ትንሹ በፌስታል በደንብ ታሽጎ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣም ሳትከፍቺው አንድ ቀን ይደር፣ አለዚያ ላብ ያወጣል። መብራት የሚጠፋ ከሆነ ቀኑን ከመጀመሪያ ቁጠሪ። የክዳኑ ልባጥ የተነሳ ስለሆነ ይኼን የምታደርጊው ነቀዙ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ትልቁ ፍሪዘር አይገባም፣ ለሱ ባለሙያ ይጠራል። ሰዎች በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። የድሬ ፀሐይ ነቀዙን ይገድለው ይሆናል፣ ኮላውንም አብሮ ይፈታዋል።

እንዲያውም ለነዚህ ሳጥኖች ከነቀዝ ይልቅ የምፈራው አየሩን ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲያጣ ይሸበሸባል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሞቃትና ደረቅ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣ ትቀዘቅዛለች። በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው ልዩነቱ፣ ለእንጨት ግን ሌላ አገር ነው። የሐረር ዕቃ ገዝተው ድሬ አምጥተው በሳምንቱ ክዳኑ ተጣመመ የሚሉ ሰዎች ሻጩን ይረግማሉ። ሻጩ ምን አደረገ? የመጣ ዕቃ እንደተጠቀለለ ጥላ ባለበት ክፍል ይክረም፣ ቀስ እያለ ይልመድ።

ስለዚህ ቦታ ምረጪለት። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ሥር አይሆንም፤ የከሰዓት ፀሐይ ጽሑፉን ያፈዝዘዋል፣ ኮምፔንሳቶውንም ያላቅቀዋል። ቬንትሌተርና ኤሲ በቀጥታ አይንፉበት። ወለልሽ ላይ ማታ ማታ ውኃ የምትደፊ ከሆነ፣ ከዚራ ውስጥ ይኼን የማያደርግ ቤት ጥቂት ነው፣ ሳጥኑ ወለል ላይ አይቀመጥ። ከሥሩ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆን እግር ይደረግለት፤ ምስማር ሳይመታበት፣ ተለይቶ የቆመ እግር። ይኼ ከምስጥም ይጠብቀዋል። ድሬ ውስጥ ግርጌያቸው ላይ የውኃ መስመር ያለባቸው የድሮ ሳጥኖች ያጋጥሙሻል። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ብዙ ቤት ገብቶ ነበርና ያ መስመር ካለ ግርጌውን በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊ። ሽፋኖቹ ከተላቀቁ ተይው።

ማስዋቡ ላይ አጭር ልሁን ብዬ ነበር፣ ግን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሦስት አራት የሻይ ሳጥን አንድ ሳሎን ውስጥ ከደረደርሽ ሳሎኑ መጋዘን ይመስላል። አንድ ትልቅ ሳጥን ለአንድ ክፍል ይበቃል። የከዚራ የድሮ ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው ሰፊ ነው፤ አንድ ትልቅ ሳጥን ባዶ ግድግዳ አጠገብ ብቻውን ሲቆም ያምራል። ጽሑፉን ወደ ክፍሉ አዙሪው። ወደ ግድግዳ ያዞሩት አይቻለሁ፣ «ያረጀ ጽሑፍ ስለሆነ» ብለው። በላዩ ላይ በልኩ የተቆረጠ መስታወት አድርጊና በአራቱ ማዕዘን ትንንሽ የሲሊኮን ማረፊያ አኑሪለት፣ አየር እንዲያልፍ። ከሶፋ ጎን ጠረጴዛ ይሆንሻል። ግን ጀበና አይቀመጥበት፣ የዕጣን ማጨሻም አይጠጋው። ከሰዓት በርጫ ላይ ከፍራሹ አጠገብ ፔርሙስና የውኃ ጠርሙስ ማሳረፊያ ይሆናል የሚል ካለ፣ ሲጋራም እዚያው እንደሚከተል አስቢ። አበባ ያለበት ማሰሮ በጭራሽ።

ትንሹን ቡፌ ውስጥ፣ ከዓይን ትይዩ፣ እንደተቆለፈ። መብራት ካስፈለገ ኤልኢዲ፣ ያም ከሳጥኑ ራቅ ብሎ። ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መደርደሪያ ማድረግ የሚባለውን ተይው። ትልቁ ሳጥን ባዶውንም ቢሆን የቆየ ምስማርና ኮላ ነው የያዘው። ይወድቃል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ዘመድ ካለሽና ቤታቸውን ለማስዋብ ከጠየቁሽ ደግሞ ምክሬ የተለየ ነው። የአደሬ ቤት ዋናው ክፍል፣ ጊድር ጋር የሚባለው፣ ራሱ የተዋበ ነው። ነደባው፣ ማለት መቀመጫ መደቡ፣ በደረጃ ወጥቶ፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቶ፣ ለሳጥን የቀረ ቦታ የለም። ሳጥኑ ባህሉን ያደበዝዛል እንጂ አያደምቅም። ትንሽ የሻይ ሳጥን በግድግዳው ውስጥ ካሉት መደርደሪያዎች ባንዱ ላይ ቢቀመጥ በቂ ነው፤ ትልቁ ጓዳ ይግባ።

መሰብሰብ ከፈለግሽ ዝም ብለሽ አትግዢ። መጀመሪያ ዓይንሽን አለማምጂ። ጀጎል ውስጥ ያለውን ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ሂጂና ያረጀ እንጨት፣ ያረጀ ብረት፣ የእውነት በእጅ የተበላ ጠርዝ ምን እንደሚመስል ረጋ ብለሽ እዪ። ከዚያ የድሬን ታይዋን፣ አሸዋና ቀፊራ ገበያዎች፣ የሐረርን ሸዋ በር እየዞርሽ ጠይቂ። ጥሩ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ለሽያጭ ከቀረበው ዕቃ መሐል አይገኝም። ሻጩ የሚቀመጥበት፣ ሚዛኑን ያሳረፈበት፣ ምስማርና ብሎን የሚያኖርበት ሳጥን ነው። «ይኼስ?» በይው። «እሱማ አሮጌ ነው» ካለሽ ጆሮሽን አቁሚ። አንቲክ ብሎ ከጀመረ ግን ኪስሽን ያዢ። ሳጥን አስይዘሽ ቤት ከመውሰድሽ በፊት በአራት ነገር መዝኚው፦ ጽሑፉ ይነበባል ወይ፣ የቆርቆሮው ጥብጣብ የራሱ ነው ወይ፣ የውስጥ ልባጡ አለ ወይ፣ ሻጩ ከየት እንዳገኘው ሊነግርሽ ይችላል ወይ። ከአራቱ ሦስቱ ከሌሉ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ተይው። ቤት የሞላ ርካሽ ሳጥን ስብስብ አይባልም።

ዋጋቸውን ጠይቀሻል። ትልቁ በገበያ ብዙ አያወጣም። የሻይ ሳጥን በሚሊዮን የተሠራ ዕቃ ነው፣ ብርቅ አይደለም። ለቤተሰባችሁ ያለው ዋጋ ሌላ ነው። ትንሹ ከጠገንሽው በኋላ የተሻለ ሊያወጣ ይችላል፣ ግን አንድ ክዳኑ ስለጠፋና ልባጡ ስለተነሳ ኢንተርኔት ላይ ከምታያቸው የለንደን ዋጋዎች ጋር አታወዳድሪው። እነዚያ ሙሉ ናቸው፣ ደግሞ የተጠየቀ ዋጋ እንጂ የተሸጠበት አይደለም።

እህትሽን በተመለከተ ትልቁን አትላኪ። ለጭነት የምትከፍሉት ከሳጥኑ ይበልጣል፣ ከባቡሩ ከተማ ከወጣም ታሪኩ ይጎድላል። ትንሹን መላክ ይቻላል፣ በሻንጣ ሸጎጥ አድርጎ ግን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የእንግሊዝ የሻይ ሳጥን የኢትዮጵያ ቅርስ ነው ወይ ብለሽ ትከራከሪ ይሆናል። ቦሌ ላይ ፈታሹ የሚያየው ያረጀ ሳጥን ነው፣ ክርክሩን እዚያ አታሸንፊም። አስቀድመሽ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳይተሽ ወረቀት ያዢ። ያቺ የቁልፍ ቀዳዳ ቁራጭ የዝሆን ጥርስ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዕቃው ምንም ያህል ቢያረጅ ፈቃድ ወይም የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ከአጥንትነቷ እርግጠኛ እስክትሆኚ ሳጥኑ ድሬ ይቆይ። ለእህትሽ ለጊዜው ፎቶውን ላኪላት፣ ልባጡንም ከመላክሽ በፊት አስጠግኚው፤ በአውሮፕላን ጭነት ክፍል ደረቅ አየር ውስጥ የተነሳ ልባጥ ተሰብሮ ነው የሚደርሰው።